20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ውስጥ የሚገባ መፈተሻ ሮቦት በትንሽ ወጪ እንዴት ይሠራል?

«ከየት ልጀምር? የትኛው ካሜራ ይሻላል? በዋይፋይ ይሠራል ወይ?» የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዙ ተማሪዎችም፣ የፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠራተኞችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቁርጥራጭ መልስ ከመስጠት ሙሉውን አሠራር በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከካሜራው ነው። እናንተ ከገመዱ ጀምሩ። የመጀመሪያው ሮቦታችን በአንድ ፋብሪካ የፍሳሽ መስመር ውስጥ 11 ሜትር ገብቶ የጨርቅ ብናኝና ቅባት በተጋገረበት ቦታ ተሰነቀረ። የማውጫ ገመዱን ያሰርነው ከፕላስቲክ ሽፋኑ ላይ ነበር። ስንጎትት ሽፋኑ ብቻ ተቀዶ መጣ። ሮቦቱ እዚያው ቀረ። በመጨረሻ መሬቱ ተቆፍሮ ቧንቧው ተቆረጠ። ሊረዳ የገባው መሣሪያ ራሱ መድፈኛ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ንድፍ የምጀምረው «ሞተሩ ቢሞት በምን ይወጣል?» ብዬ ነው።

መመሪያው ለየትኛው ቧንቧ ነው?

ግፊት ለሌለው፣ ከሥራ ለወጣ፣ ፈሳሹ ለተለቀቀ፣ አግድም ወይም በትንሹ ላዘመመ፣ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ውስጣዊ ስፋት ላለው የፋብሪካ ፍሳሽ ወይም የውሃ መስመር ነው። ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር፣ ቢበዛ አንድ ኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ) ያለው ይሁን። ቀጥ ብሎ ለሚወጣ ቧንቧ ግድግዳውን በስፕሪንግ የሚገፉ እግሮች ያሉት ሌላ ዓይነት ሮቦት ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፣ ሳትዘሉ አንብቡ

* ነዳጅ፣ ኤታኖል፣ ጋዝ ወይም ሟሟ ኬሚካል ባለፈበት ቧንቧ ይህን ሮቦት አታስገቡ። ርካሽ የዲሲ ሞተር ውስጡ ብሩሽ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብል ቁራጭ) አለው፤ ብሩሽ ደግሞ ብልጭታ ይፈጥራል። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ እንዳይፈነዳ ተረጋግጦ የተሠራ መሣሪያ ብቻ ነው የሚገባው።
* የፍሳሽ መስመርም ሚቴን ሊይዝ ይችላል። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን በብልጭታ ይፈነዳል። የጋዝ መለኪያ ሳታስገቡ ሮቦት አታስገቡ።
* ሮቦቱን ለማውጣት ብላችሁ ማንሆል ውስጥ አትግቡ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ የማሽተት አቅምን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ኦክስጅኑም ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ቦታው ለሰው አይሆንም።
* ቫልቩ ተዘግቶ በቁልፍ ይቆለፍ። ቁልፉ ሮቦቱን በሚያንቀሳቅሰው ሰው ኪስ ይሁን። ሌላ ፈረቃ ገብቶ ሳያውቅ ቢከፍተው ውሃው ሮቦቱን ብቻ ሳይሆን አፉ ላይ የቆመውን ሰውም ይመታል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

* 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ፣ ለጎንና ለታች
* ባለ 12 ቮልት፣ በደቂቃ 30 ዙር የሚዞር፣ ዘንጉ በጎን የሚወጣ ባለ ዎርም ጊር (በጠመዝማዛ ጥርስ የሚነዳ ማርሽ) ሞተር፣ 2
* 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የብረት ጎማዎች፣ 4 (ቶርኖ ቤት ይወጣሉ)፣ ለማልበሻ የብስክሌት የውስጥ ጎማ
* ኩሽኔታ፣ ባለ ጥርስ ቀበቶ ወይም ትንሽ ሰንሰለት፣ ብሎንና ዳዶ
* አርዱዪኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ)፣ 2፤ የአርኤስ 485 ሞጁል (ትዕዛዝን በረጅም ኬብል የሚያስተላልፍ)፣ 2፤ ከሁለቱም አንድ አንዱ ሮቦቱ ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ፤ ቲቢ 6612 የሞተር መቆጣጠሪያ፣ 1
* ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር፣ ፊዩዝ፣ የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ
* ባለ 12 ቮልት ትንሽ የአናሎግ ካሜራ (የደህንነት ካሜራ ዓይነት)፣ የቪዲዮ ባለን ጥንድ (ቪዲዮን በጥንድ ሽቦ የሚያስኬድ መሰኪያ)፣ ትንሽ ዲቪአር (የቪዲዮ መቅጃ) እና ስክሪን
* ነጭ ኤልኢዲ፣ የሚያደበዝዝ ማስተካከያ
* 30 ሜትር ባለ ብዙ ጭረት ካት 5 ኢ ኬብል (የኔትወርክ ኬብል)፣ 30 ሜትር ባለ 2 ገመድ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል
* 30 ሜትር፣ 2 ሚሊ ሜትር የማይዝግ የብረት ገመድ
* ውሃ የማያስገባ ሳጥን፣ የኬብል ግላንድ (ኬብል የሚገባበትን ቀዳዳ አጥብቆ የሚዘጋ)፣ የጎማ ቀለበት፣ አሲድ የሌለው ሲሊኮን፣ የብስክሌት ጎማ መንፊያ አፍ

አብዛኛው መርካቶ ይገኛል። ያገለገለ የመኪና መስታወት ማንሻ ሞተር ከሶማሌ ተራ ገዝታችሁ መጠቀምም ይቻላል፤ እሱም ዎርም ጊር ነው። ነገር ግን ለ20 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ይገዝፋል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክም ብዙ ነው። ለ30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አቆዩት።

1. ቧንቧውን ራሳችሁ ለኩ

«ባለ 200 ነው» ሲሏችሁ አትመኑ። የፒቪሲ 200 የሚባለው ውጫዊ ስፋቱ ነው፤ ውስጡ ከዚያ ያንሳል። ባለ 8 ኢንች የብረት ቧንቧ ደግሞ ውጫዊው 219 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ በተለመደው ውፍረት 203 ገደማ ነው። በቃል ሁለቱም «ባለ 200» ይባላሉ።

ከዚያ ሌላ ዝገትና ደለል አለ። አፉ ላይ የምታዩት ንጹሕ ስፋት ውስጥ ላይኖር ይችላል። በሁሉም በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ቅርፊት አለ ብላችሁ አስቡ። ስለዚህ ንድፉን የምትሠሩት ለ160 ሚሊ ሜትር ነው።

የኤልቦዎቹን ቁጥርና ዓይነት ጻፉ። ረጅሙ ኤልቦ የመታጠፊያ ሬዲየሱ የቧንቧው ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። አጭሩ አንድ እጥፍ ብቻ ነው። ካላወቃችሁ አጭሩ ነው ብላችሁ አስሉ።

2. የሮቦቱን ርዝመት በኤልቦው ወስኑ

ብዙ ንድፍ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቀጥ ባለ ቧንቧ ላይ አምሮበት የሚሄድ ሮቦት ኤልቦው ላይ እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል። ስሌቱ ቀላል ነው። አጭር ኤልቦ፣ ቅርፊት ያለበት፣ የሮቦቱ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ፦

ሀ. ከመታጠፊያው ማዕከል እስከ ውጨኛው ግድግዳ፦ 200 (የመታጠፊያ ሬዲየሱ) + 80 (የ160 ግማሽ) = 280።
ለ. ከማዕከሉ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ፣ ሲደመር የሮቦቱ ስፋት፦ 120 (200 ሲቀነስ 80) + 100 = 220።
ሐ. 280 × 280 ሲቀነስ 220 × 220 = 30,000። የዚህ ስኩዌር ሩት 173 ነው። በሁለት ሲባዛ 346 ሚሊ ሜትር።

ይህ ስሌት ቧንቧውን ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያየው። እውነተኛው ቧንቧ ክብ ስለሆነ የሳጥኑ ማዕዘኖች ቀድመው ይነካሉ። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ውሰዱ፤ 23 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እኔ የምሠራው 22 ርዝመት፣ 10 ስፋት፣ 8 ከፍታ ነው። ከኋላ የሚወጣው ኬብል የማይታጠፍ ጫፍ ካለው እሱም ርዝመት ነው፤ ቁጠሩት።

ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት በዚህ ልክ እንጨት አዘጋጁ። ማዕዘኖቹን ሞርዱ። ገመድ አስራችሁ በእውነተኛ ኤልቦ ውስጥ ጎትቱት። ካለፈ ቀጥሉ። ካላለፈ ያጣችሁት አንድ ቁራጭ እንጨት ነው።

3. ክብደቱን በኬብሉ ወስኑ

«ቀላል ይሁን» የሚል ሐሳብ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ለድሮን እውነት ነው፤ ለዚህ ግን ጠላት ነው። ጎማው የሚጎትተው ከታች በሚያገኘው ሰበቃ ልክ ብቻ ነው። ሰበቃው ደግሞ የሚመጣው ከክብደት ነው።

እርጥብ ቧንቧ ላይ ጎማ የክብደቱን 0.3 ያህል ይጎትታል ብለን እንያዝ። ሁለቱ ኬብሎችና የብረት ገመዱ ተጠቃለው በሜትር 120 ግራም ቢመዝኑ 30 ሜትሩ 3.6 ኪሎ ነው። ኬብሉም በዚያው መጠን ከተጎተተ 1.1 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። 2 ኪሎ የሚመዝን ሮቦት መጎተት የሚችለው 0.6 ኪሎ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ይቆማል። ጎማው ይሽከረከራል፣ ሮቦቱ አይንቀሳቀስም።

6 ኪሎ ቢሆን 1.8 ኪሎ ይጎትታል። ይህ ቀጥ ላለ መስመር በቂ ነው።

ኤልቦ ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። ገመድ ምሰሶ ላይ ሲጠመጠም እንዴት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ኬብሉም ኤልቦው ላይ እንደዚያው ይይዛል። በዚሁ ሰበቃ አንድ የ90 ዲግሪ ኤልቦ ከኋላው ያለውን ጉተታ በ1.6 ያበዛዋል። መሃል ላይ አንድ ኤልቦ ካለ የሚያስፈልገው ጉልበት 1.4 ኪሎ ይሆናል። እኩል ተራርቀው ሁለት ካሉ 1.86 ይደርሳል። ሮቦታችን 1.8 ነው የሚጎትተው። አይወጣውም። «ቢበዛ አንድ ኤልቦ» ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ውሃ ውስጥ ደግሞ ክብደት ይቀንሳል። ከሮቦቱ ውስጥ አንድ ሊትር ያህሉ ከሰጠመ አንድ ኪሎ ተቀነሰ ማለት ነው። ባዶ ሳጥን ያለው ቀላል ሮቦት ግማሽ ውሃ በያዘ ቧንቧ ውስጥ መንሳፈፍ ሁሉ ይጀምራል።

4. አካሉን ሥሩ

የጎን ላሜራዎቹን 220 በ70፣ የታችኛውን 220 በ60 ሚሊ ሜትር ቁረጡ። ሦስቱ ብቻ ወደ 3.4 ኪሎ ይመጣሉ። ቶርኖ ቤት ያስወጣችኋቸው 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት የብረት ጎማዎች ደግሞ 1.3 ኪሎ ያህል። ከዚያ ሞተርና ሌላው ሲጨመር 6 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ክብደቱ ታች ስለሆነ ሮቦቱ አይገለበጥም። ሙት ክብደት ላዩ ላይ አትሰሩ።

የጎማዎቹን ጠርዝ በቧንቧው ክብነት ልክ አዘምሙት። ቀጥ ያለ ጎማ ክብ ቧንቧ ላይ በአንድ ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው የሚቆመው። የዘመመ ጎማ በሙሉ ፊቱ ይነካል። ከዚያ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አልብሱት፣ በጎማ ማጣበቂያ አጣብቁ። ሲያልቅ መለወጥ ቀላል ነው።

አሁን ገመዱ። ከኋላ በኩል፣ ከሁለቱ የጎን ላሜራዎች ጋር የተበየደ ዘንግ አድርጉ። የብረት ገመዱ የሚታሰረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ከሳጥኑ ጋር አይደለም፣ ከኬብሉም ጋር አይደለም። ቦታው በጎማዎቹ አክስል ከፍታ ይሁን። ከላይ ከታሰረ ስትጎትቱት አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳና ጣሪያው ላይ ይቀረቀራል።

ከዚያ ፈትኑት። ሮቦቱን በገመዱ አንጠልጥላችሁ ሌላ 30 ኪሎ ጨምሩበት። ቋጠሮው ከተንሸራተተ ዛሬ ይንሸራተት።

5. ሞተሩን ምረጡ

ሮቦቱ ከ1.8 ኪሎ በላይ መጎተት አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ጎማው ይንሸራተታል። የጎማው ግማሽ ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ነው። 1.8 × 3 = 5.4 ኪሎ ሳንቲ ሜትር። ለሁለት ሞተር ሲካፈል 2.7። ደለል መውጣት፣ የብየዳ ጉብታ መሻገር ስላለ ከእጥፍ በላይ ያዙ፤ ባለ 6 ግዙ።

በደቂቃ 30 ዙር በዚህ ጎማ በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ቀርፋፋ ይመስላል። ግን ካሜራው ስንጥቅ እንዲያይ የሚያስፈልገው ፍጥነት ይኸው ነው።

አንዱን ሞተር ከፊት ዘንጉን ወደ ግራ፣ ሌላውን ከኋላ ዘንጉን ወደ ቀኝ አድርጋችሁ አስተኟቸው። የዚያው ጎን ሁለት ጎማዎች በቀበቶ ይያያዙ። ግራና ቀኙን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ሮቦቱ ግድግዳ እየወጣ ሲያጋድል የምታስተካክሉት በዚህ ነው።

ዎርም ጊር ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጎማውን ይቆልፋል። ተዳፋት ላይ ጥሩ ነው፣ አይንሸራተትም። ግን ሲበላሽ እየተንሸራተተ ይጎተታል እንጂ አይንከባለልም። ለዚህ ነው የብረት ገመዱ የማይቀረው።

6. ኤሌክትሪኩን በ24 ቮልት ላኩ

ከውጭ 12 ቮልት ከላካችሁ ይህ ይሆናል። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ 30 ሜትር ሄዶ ሲመለስ ወደ 1 ኦም ነው። ሮቦቱ 2 አምፔር ሲስብ 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሮቹ ተይዘው 5 አምፔር ቢስቡ 5 ቮልት ይቀራል። ያን ጊዜ አርዱዪኖው ይጠፋል፣ ካሜራው ይጠቁራል። ያውም በጣም በምትፈልጉት ሰዓት።

24 ቮልት ስትልኩ ለዚያው ሥራ 1 አምፔር ገደማ ይበቃል። የሚጠፋው 1 ቮልት ብቻ ነው። ሮቦቱ ውስጥ ኮንቨርተሩ ወደ 12 ያወርደዋል። ውጭ በኩል 3 አምፔር ፊዩዝ አድርጉ። ከዋናው 220 ቮልት የሚመጣው ፓወር ሰፕላይ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ወደ ቧንቧው 220 አይጠጋም።

ካት 5 ኢ ኬብል ስትገዙ ጫፉን ላጡት። ሽቦው ሲፋቅ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ጥቂት ጊዜ ከጠቀለላችሁት ይሰበራል። አንድ ወፍራም ጭረት ያለውም ለግድግዳ እንጂ ለመጠቅለል አይሆንም። ባለ ብዙ ጭረቱን ፈልጉ።

ሁለቱን ኬብሎችና የብረት ገመዱን በየግማሽ ሜትሩ አንድ ላይ በቴፕ እሰሩ። ገመዱ ከኬብሎቹ ትንሽ ያጠረ ይሁን። ሲጎተት መወጠር ያለበት ገመዱ ነው።

7. መቆጣጠሪያውን አገናኙ

ዋይፋይ ይሠራል ወይ ለሚለው መልሴ፣ አትመኩበት ነው። ቀጥ ባለና ደረቅ ሰፊ የብረት ቧንቧ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። የብረት ቧንቧው ከ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከጠበበ ግን የዋይፋይ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ጨርሶ አይጓዝበትም። ውሃ፣ ኤልቦና አፈር ውስጥ የተቀበረ ፒቪሲም ያጠፉታል። ደግሞስ የማውጫ ገመድ ግድ ካለ፣ ኬብል አብሮ ቢሄድ ምን ይጎዳል?

ከካት 5 ኢ ጥንዶች አንዱን ለቪዲዮ፣ አንዱን ለአርኤስ 485 አውሉ። አርኤስ 485 በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1,200 ሜትር ይሄዳል፤ 30 ሜትር ለእሱ ምንም አይደለም። በሰከንድ 9,600 ቢት ይበቃችኋል።

ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ነገር አይቅር። አንደኛ፣ ግማሽ ሰከንድ ትዕዛዝ ካልመጣ ሞተሮቹ ይቁሙ። ኬብል ሲቆረጥ ሮቦቱ ወደፊት እየሄደ እንዳይቀር ነው። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ ከዜሮ ቀስ እያለ ይጨምር። ድንገት ሲነሳ ጎማው ይንሸራተታል፣ አተላ ላይ ከሆነማ እዚያው ይቆፍራል።

8. ካሜራና መብራት

ብዙዎች በይነመረብ ላይ አይተው ኮምፒውተር ያለው ካሜራ ይመርጣሉ። እኔ የአናሎጉን እመርጣለሁ። ምስሉ ሳይዘገይ ይደርሳል፣ ፕሮግራም አይፈልግም፣ ሲበላሽ ማንም የደህንነት ካሜራ ገጣሚ ይለውጠዋል። ባለኑን በሁለቱም ጫፍ ስትሰኩ በካት 5 ኢ ጥንድ ላይ በመቶዎች ሜትር ይሄዳል። ዲቪአሩ ይቀዳል።

መብራቱ የሚከብደው ከካሜራው በላይ ነው። ኤልኢዲውን ልክ ሌንሱ ዙሪያ ከደረደራችሁት እርጥብ ግድግዳ መልሶ ያንጸባርቅና ምስሉ ነጭ ይሆናል። ወደ ጎን አርቁት፣ ፊቱ ላይ ብርሃኑን የሚያለሰልስ ስስ ወረቀት አድርጉ። ደብዛዛ ማድረጊያው ከውጭ የሚታዘዝ ይሁን። ጥቁር ዝገት ብዙ ብርሃን ይጠጣል፤ አዲስ ፒቪሲ ደግሞ በጥቂት ብርሃን ይነጣል። ስንጥቅና ጉድጓድ ጥላ ሲኖራቸው ነው የሚታዩት፤ ስለዚህ አንዱን ጎን ብቻ ማብራት እንዲቻል አድርጉ።

9. ውሃ እንዳይገባ ዝጉ

ሲሊኮን ስትገዙ አሽትቱ። ኮምጣጤ የሚሸተው አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ ሳጥን ውስጥ ሲታፈን መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። አሲድ የሌለውን ጠይቁ።

ኬብል በግላንድ ብቻ ይግባ። ሞተሩን ከሳጥኑ ለዩት፤ ዘንጉ ጋ የሚያፈሰው እሱ ስለሆነ ውሃ ቢገባ ሞተሩ ብቻ ይሞታል።

ሳጥኑ ላይ የብስክሌት ጎማ አፍ ግጠሙ። በመንፊያ ትንሽ ብቻ ንፉ፣ 0.2 ባር ይበቃል። የሳሙና አረፋ ቀቡና አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ዝጉ። ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ሥራ በሄዳችሁ ቁጥር ያችን ትንሽ ግፊት ሞልታችሁ አስገቡት። ቀዳዳ ቢፈጠር አየር ይወጣል እንጂ ውሃ አይገባም።

አካሉን በ3ዲ ፕሪንተር የምታወጡ ከሆነ ፒኤልኤ የሚባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ አካባቢ እንደሚለሰልስ አስታውሱ። ሙቅ ውሃ የሚለቅ ፋብሪካ ውስጥ ቧንቧው ሳይቀዘቅዝ አታስገቡት።

10. በልምምድ ቧንቧ ፈትኑ

3 ሜትር ቧንቧ፣ አንድ ኤልቦ፣ ሌላ 2 ሜትር ገጥሙ። መጀመሪያ ደረቁን፣ ቀጥሎ በውሃ፣ ቀጥሎ በጭቃና በዘይት። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ። ከዚያ ሆን ብላችሁ መሃል ላይ ኤሌክትሪኩን አጥፉና በገመዱ ብቻ አውጡት። ይህን ያልተለማመደ ቡድን እውነተኛ ቧንቧ ጋ አይሂድ።

11. እውነተኛው ሥራ

1. ቫልቩን ቆልፉ፣ መስመሩን ባዶ አድርጉ፣ እጠቡ። ጋዝ ለኩ።
2. ኬብሉ ላይ በየሜትሩ ነጭ፣ በየአምስት ሜትሩ ቀይ ቴፕ ይኑር። ርቀት የሚለካው በኬብሉ ነው። ጎማ ስለሚንሸራተት የጎማ ዙር መቁጠር ይዋሻል።
3. አንድ ሰው ይንዳ፣ አንድ ሰው ኬብል ይልቀቅ። ኬብል የሚለቀው ሰው የቧንቧውን አፍ ጠርዝ በጎማ ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሸፍን፤ የተቆረጠ ብረት ኬብል ይልጣል።
4. አጠራጣሪ ነገር ስታዩ ቁሙ። 5 ሰከንድ ጠብቁ፣ መብራቱን ከአንድ ጎን አድርጉ፣ ከዚያ ቅዱ።
5. ሲመለስ ኬብሉ ቀድሞ ይሰብሰብ፣ ሮቦቱ ከኋላ ይከተል። ሮቦቱ ከቀደመ የላላው ኬብል ጎማው ሥር ገብቶ ይጠመጠማል።
6. ከተሰነቀረ በአንዴ አትንጠቁ። ሞተሩን ወደኋላ እያዞራችሁ ገመዱን በእኩል ጉልበት ወጥሩ። እምቢ ካለ ግማሽ ሜትር ወደፊት መልሳችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሮቦቱ ሳይሆን የገፋው ደለል ነው።

12. አመዘጋገብ፣ በተለይ ሰዓቱ

ለእያንዳንዱ ጉዳት ርቀት፣ ዓይነት፣ ፎቶና አቅጣጫ ጻፉ። አቅጣጫ በብዙ አገር የሚጻፈው በሰዓት ፊት ነው፤ ከላይ 12፣ ከታች 6፣ ቀኝ 3። እኛ ዘንድ ግን አደጋ አለው። በእኛ አቆጣጠር የሰዓቱ አጭር ዘንግ 12 ላይ ሲሆን 6 ሰዓት እንላለን። «ስንጥቁ 6 ሰዓት ላይ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ጣሪያውን ነው ወለሉን? ጠጋኙ በተሳሳተ ጎን ይቆፍራል። ስለዚህ ቅጹ ላይ የሰዓት ፊት ሥዕል ይኑር፣ በላዩ ላይ ነጥብ አድርጉ። ከጎኑ «ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ» ብላችሁ በቃል ጻፉ። ቀኝና ግራውም ሮቦቱ ወደሚሄድበት ፊት ለፊት ሲታይ ነው።

ለጥገናስ?

ሁሉም ሮቦቱ ላይ የሚሽከረከር ብሩሽ መግጠም ይፈልጋል። ብሩሹ ግድግዳውን ሲይዝ ሮቦቱን ራሱን በተቃራኒው ይገለብጠዋል፤ 6 ኪሎ አይበቃውም። መስመሩ ሁለት አፍ ካለው የተሻለ ዘዴ አለ። ሮቦቱ ቀጭን ናይለን ገመድ እየጎተተ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይለፍ። በቀጭኑ ገመድ ወፍራም ገመድ ትስባላችሁ፣ በወፍራሙ ደግሞ የብረት ብሩሽ። ጉልበቱ ውጭ ካለው ሰው ወይም ማንሻ ይመጣል። ብሩሹ ከኋላውም ገመድ ይኑረው፣ ከያዘ ወደኋላ እንዲመለስ። ሲያልቅ ሮቦቱን እንደገና አስገብታችሁ ከፊተኛው ቪዲዮ ጋር አስተያዩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

* ኬብሉን ገመድ ማድረግ። ካት 5 ኢ ለመጎተት አልተሠራም፤ ሲወጠር ውስጡ ይበጠሳል፣ ላዩ ደህና ይመስላል።
* ሌንሱ ጉም መልበስ። ቀዝቃዛ ሮቦት ሙቅና እርጥብ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ነው። አፉ ላይ 15 ደቂቃ አቆዩት። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ከረጢት ጣሉ።
* ኤል 298 ኤን የሞተር መቆጣጠሪያ መጠቀም። ርካሽ ነው፣ ግን 2 ቮልት ያህል ራሱ ውስጥ አቃጥሎ ዝግ ሳጥኑን ያሞቀዋል።
* ብሎኖችን ያለ ማጥበቂያ ሙጫ መተው። የሞተር ንዝረት ይፈታቸዋል፣ የወደቀ ዳዶም ጎማ ሥር ይገባል።
* ሮቦቱን ሳያጥቡ ማስቀመጥ። የፍሳሽ ውሃ ኩሽኔታውን በጥቂት ቀን ያዝገዋል። ጓንት አድርጋችሁ በንጹሕ ውሃና በበረኪና እጠቡት፣ አድርቁት፣ ግሪስ ቀቡት። ኬብሉን ስትጠቀልሉ የብረት ገመዱን በጨርቅ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፉት። ጨርቁን የሚይዝ አንድ የተበጠሰ ጭረት ካገኛችሁ ገመዱን ለውጡ።